ከባሕር የወጣችው የንጉሥ መርከብ

የስዊድን ዋና ከተማ በሆነችው በስቶክሆልም፥ በባሕር ዳር፥ አንድ ታላቅ ቤተ መዘክር አለ። በዚያም ቫሳ የምትባለውን የእንጨት የጦር መርከብ ለማየት ሄድን። ከደጁ ገብተን ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆምን፤ ቀና ብንልም አንበሶች የተቀረጹባት፥ 69 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ እንደ ተራራ ቆማ አየናት።

ያሠሩዋት ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ናቸው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. በነሐሴ ወር 64 መድፍ ተሸክማ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነሣ፥ ላይዋ ከታችዋ ይልቅ ከብዶ ነበርና፥ 1300 ሜትር ያህል እንደ ሄደች ነፋስ አጋደላት። ውሃውም በመድፎቹ መስኮት ገብቶ አሰጠማት፤ 30 ያህል ሰዎችም ሞቱ።

እጅግ የሚያሳዝነው ግን ጉድለቷ አስቀድሞ መታወቁ ነው። በወደብ ሳለች 30 መርከበኞች ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ ሲፈትኗት፥ አድሚራል ፍሌሚንግ እንዳትገለበጥ ፈርተው ፈተናውን አስቆሙ። ነገር ግን ንጉሡ በጦርነት ላይ ሆነው ያስቸኩሉ ስለ ነበር፥ ጉዞዋን የከለከለ አልተገኘም። ከጥፋቱም በኋላ ምርመራ ተደርጎ ማንም አልተቀጣም።

በዚያው አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አንደርስ ፍራንሴን የሚባሉ ሰው አገኟት፤ በ1961 ዓ.ም.ም ከ333 ዓመት በኋላ ከባሕር ወጣች። የባልቲክ ባሕር ጨው ጥቂት ስለ ሆነ እንጨት በላተኛው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ ስለዚህ ሳትፈርስ ቆየች።

እኛም ስንወጣ እንዲህ አልን፤ ለጌታው እውነቱን በጊዜው የሚነግር አንድ ሹም ከ64 መድፍ ይበልጣል።