ወደ ሥር የሚመለሰው

ሰው ሲቀበል ዓይኑ ይበራል፤ የሚመልስበት ጊዜ ሲደርስ ግን መንገዱ ይጠፋበታል። ይህን ጠባይ በሌላው ላይ ባየሁት ቁጥር ስነቅፈው ኖሬአለሁ። በራሴ ላይ መኖሩን ያሳየኝ ግን በግቢዬ የነበረ አንድ የኮክ ዛፍ ነው።

ዛፉን የተከልሁት ቤቴን በሠራሁበት ዓመት ነበር። ግንዱ እንደ ክንድ ሲወፍር የልብስ ማስጫ ሽቦ ዙሪያውን አሰርሁበትና ሌላውን ጫፍ ከአጥሩ ቋሚ ጋር አገናኘሁት። ዛፍ በየዓመቱ ይወፍራል፤ ሽቦ ግን አይሰፋም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽቦው ቅርፊቱን በልቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከሽቦው በላይ ያለው ግንድም እንደ ቀለበት አበጠ። እብጠቱን አይቼዋለሁ፤ ዳሩ ግን ቅጠሉ ለምለም ስለ ነበረ ምንም አልመሰለኝም።

ይልቁንም በዚያው ዓመት ዛፉ ከወትሮው አብልጦ አፈራ። ፍሬው ትልልቅና ጣፋጭ ነበር። ጎረቤቶቼ «ምን አድርገህለት ነው?» ሲሉኝ፣ የእጄ በረከት ነው እያልሁ እኮራ ነበር። በተከታዩ ዓመት ቅጠሉ ሳሳ፤ ከዚያ በኋላ በመጣው በጋ ዛፉ እንደ ቆመ ደረቀ።

አትክልት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ግንዱን በጣታቸው ዳሰሱና «አንተ ልጅ፣ ይህን ዛፍ ጥም አልገደለውም፤ ሥሩን በረኃብ ገደልኸው» አሉኝ። ነገሩ አልገባኝም። ሥር መጋቢ እንጂ ተመጋቢ አይመስለኝም ነበርና። ስለዚህ ስለ ዕፀዋት የተጻፈውን እየፈለግሁ አነበብሁ፤ ያገኘሁትንም በአጭሩ እናገራለሁ።

በዛፍ ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በእንጨቱ ውስጥ የሚያልፈው የውኃ መንገድ ነው። ሥር ከጸጉር በቀጠኑ ጫፎቹ ከአፈር የሚቀበለው ውኃ፣ ሕይወታቸው አልፎ ባዶ ቧንቧ ሆነው በቀሩ ረቂቅ ሕዋሳት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው ውኃ ከቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተናል፤ የውኃ ቅንጣቶችም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ የሄደው የቀረውን እንደ ክር ይስበዋል። ይህን ሐሳብ በ1894 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት በደብሊን የነበሩት ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ ናቸው። ከ100 ሜትር በላይ ወደሚረዝሙት የካሊፎርኒያ ዛፎች ጫፍ እንኳ ውኃ የሚደርሰው እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ልጡ ነው። ገበሬ ለማሰሪያ የሚልጠው ያ ከቅርፊቱ ሥር ያለ ቀጭን ሽፋን ለዛፉ የስንቅ መንገዱ ነው። ቅጠል ከብርሃን፣ ከአየርና ከውኃ ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩም ሟሙቶ በልጡ በኩል ወደ ፍሬው፣ ወደ ለጋው ቀንበጥና ወደ ሥሩ ይሄዳል። ኤርንስት ሙንሽ የተባለ ጀርመናዊ በ1930 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ስኳር በበዛበት በኩል ውኃ ይገባና ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ጭነቱን ወደሚፈለግበት ይነዳዋል። ሥር በጨለማ የሚኖር ስለ ሆነ ምግቡን ራሱ መሥራት አይችልም። ከላይ ካልወረደለት ያከማቸውን እየበላ ጥቂት ይቆይና ይሞታል።

እንግዲህ የሽቦዬ ሥራ ምን እንደ ሆነ ተገለጠልኝ። ሽቦው ልጡን ቆረጠ እንጂ እንጨቱን አልነካም። ስለዚህ ውኃው እንደ ወትሮው ይወጣ ነበር፤ ቅጠሉም አልጠወለገም። ስኳሩ ግን መውረጃ አጥቶ ከሽቦው በላይ ተከማቸ። ማርቸሎ ማልፒጊ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በ17ኛው መቶ ዘመን ከዛፍ ላይ የቅርፊት ቀለበት ልጦ ይህንኑ እብጠት አይቶ ነበር። የወይን ገበሬዎችም ፍሬው እንዲወፍርላቸው ቶሎ የሚድን ጠባብ ቀለበት ይልጣሉ። ያ የኮራሁበት ጣፋጭ ፍሬ ለካ ከሥሩ ድርሻ የተወሰደ ነበር።

ይህን ባነበብሁበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያሳሰበኝም ዛፉ አልነበረም።

እኔን ከገጠር ወደ ከተማ ልካ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ዶሮና እንቁላል እየሸጠች ለደብተር ትልክልኝ ነበር፤ በቤቷ እህል ባነሰ ጊዜ እንኳ ለእኔ የሚላከው በሶ አልጎደለም። ሥራ እንደ ያዝሁ ከደመወዜ እልክላት ነበር። በኋላ ግን ቤት መሥራት መጣ፤ ልጆች መጡ፤ «በሚቀጥለው ወር» እያልሁ አራት ዓመት አለፈ። እርሷ በእነዚያ አራት ዓመታት ወደ ከተማ በሚመጣ ሰው ሁሉ እጅ ቅቤና በርበሬ መላኳን አላቋረጠችም። ከታች የሚወጣው ይወጣ ነበር፤ ከላይ የሚወርድ ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ተነሥቼ ሄድሁ። የቤቷ ሣር ክዳን ሳስቶ ያፈስስ ነበር፤ እርሷም እጅግ ከስታ አገኘኋት። «እማዬ፣ ለምን አላስታወቅሽኝም?» ብላት፣ «ከዚያ የሚመጣው ሁሉ ልጅሽ ደኅና ነው፣ ለምልሟል ይለኛል። ታዲያ ምን ብዬ ላስጨንቅህ?» አለችኝ። ቃሏ ከስድብ ይልቅ ወጋኝ።

ክዳኑን አሳደስሁ፤ የእርሷንም ድርሻ ከደመወዜ ላይ ከሁሉ አስቀድሜ መለየት ጀመርሁ። ይህን የምጽፈው ልመሰገን አይደለም፤ ዕዳ የከፈለ አይመሰገንምና። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው ተረት በክፉ ሰው ላይ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ክፋት አስቤ አላውቅም፤ ያንን ሽቦም ያሰርሁት ለልብስ ማስጫ እንጂ ዛፍ ለመግደል አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ የቅጠል መለምለም ለሥር መጥገብ ምስክር አይሆንም። ወላጅ፣ አሳዳጊ፣ መምህር፣ ያደግህበትም መንደር በጨለማ ሆነው ውኃ የላኩልህ ሥሮችህ ናቸው፤ ቢራቡም አይጮኹም። ስለዚህ ፍሬህ ከወትሮው በበዛበት ዓመት ከመኩራትህ በፊት ጎንበስ ብለህ ግንድህን ዳስሰው፤ ሳታስበው ያሰርኸው ሽቦ ካለም ጊዜ ሳለ ፍታው።