ሰውነት ሲቆጣ ነፍስም ይከፋታል

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጓደኛችሁ «ብሞት ይሻለኛል» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ «ተው እንጂ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም!» ነበር ያልኩት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሮቤ አብረን ነው ያደግነው። ጎባ ድረስ በብስክሌት የሚወጣ፣ የሳነቴ ብርድ የማይበግረው ልጅ ነበር። ሳል ያዘው፣ ማታ ማታ ያልበው ጀመር፣ ከሳ። ሲመረመር የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ቢጀምርም እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ጠላ፣ ሰው ሸሸ። ሰፈርተኛው «አኩርፎ ነው» አለ፤ እኔም አብሬ!

አንድ ቀን መድኃኒቱን ሊወስድ ሲሄድ ተከተልኩት። ነርሷ አየት አደረገችውና ቀስ ብላ «ወንድሜ፣ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው። ክው አልኩ! እሱ ግን እንባው ዱብ ዱብ አለ። «አዎ፣ እህቴ» አላት። ለካስ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። የዚያኑ ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም ላከችው።

በኋላ ሳነብ ሌላም ነገር ገባኝ። በሽታ ሲገባ የሰውነታችን መከላከያ ይቆጣል፤ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል። የእነሱ ወሬ አንጎልም ይደርሳል፤ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትንና ደስታን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2009 የስዊድን ተመራማሪዎች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ 63 ሰዎችን መርምረው ነበር። ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ የሆነው ኢንተርሊውኪን 6፣ አንጎልንና አከርካሪን በሚከበው ፈሳሽ ውስጥ ከጤነኞቹ በልጦ ተገኘባቸው። ቀድሞ ለሄፓታይተስ ሲ ይሰጥ የነበረው ኢንተርፌሮንም ራሱ ሳይቶካይን ነው፤ ደህና የነበሩ ሰዎችን ሳይቀር ከባድ ድብርት ውስጥ ይከት፣ አንዳንዶቹንም ሞትን ያስመኝ ነበር።

ታዲያ የታመመ ሁሉ ራሱን ያጠፋል ማለት አይደለም። የጓደኛዬም ጭንቀት ሁሉ ከዚህ መጣ አልልም፤ ሥራ ማጣቱም፣ የሰው መሸሽም ነበረበት። ግን «ስንፍና ነው» ያልነው ነገር ሕመም ሊሆን እንደሚችል ማን ነገረን?

የነቀርሳውን መድኃኒት 6 ወር ሳያቋርጥ ጨረሰ፤ የአእምሮ ሐኪሙንም አልተወም። አሁን ጎባ ስንወጣ ቀድሞኝ ይደርሳል።

እናንተም ብትሆኑ፣ ሕመም የጠናበት ወዳጃችሁ ዝም ካለ አትቆጡት፤ ሰውነቱ ተቆጥቶበት ይሆናል። በግልጽ ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።