መድፉን የጎተተው ማን ነበር?

ተማሪዎቼን ይዤ ደብረ ታቦር አጠገብ ወደምትገኘው ጋፋት በወጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፤ «ዶክተር፣ ግብፅን የቀናት፣ እኛን ያልቀናን ለምንድን ነው?» የዘወትር መልሴ «እንግሊዝ አሰናከለን» የሚል ነበር።

ጥያቄው መሠረት አለው። ሙሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1805 ሥልጣን ይዞ ፋብሪካ አቆመ፤ በ1826 ወጣቶችን ለትምህርት ወደ ፓሪስ ላከ። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ደባርቂ ላይ የዚያን ጦር መድፍ ቀመሱ። ነግሠውም ሚሲዮናውያኑን ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን አሠሯቸው።

ነገር ግን ግብፅ በእርግጥ ቀንቷታልን? የሙሐመድ ዓሊን ቦይ የቆፈረው በግዳጅ የተነዳ ገበሬ ነበር፤ ፒራሚዱንም ያቆመው የገበሬ ጉልበት ነው። በ1882 እንግሊዝ እርሷንም ያዘ። በ2011 ሕዝቡ ታሕሪር አደባባይ ወጥቶ ሙባረክን አወረደ፤ በ2013 ግን ሠራዊቱ ተመልሶ ሥልጣኑን ጨበጠ። ገዢው ተለዋወጠ፤ ሸክሙ ከገበሬው ትከሻ አልወረደም።

በቅርቡ ከኋላ የቆመች አንዲት ተማሪ፣ «ዶክተር፣ ሴባስቶፖልን ከዚህ እስከ መቅደላ የጎተተው ማን ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ገደልና ሸለቆ አቋርጦ፣ ለወራት! ከሠሪዎቹ መካከል የዋልድማየርን ስም ጠራሁላት። ከጎታቾቹ ግን የአንድም ሰው ስም አላውቅም ነበር። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የእርሷም ቅድመ አያት ይኖር ይሆናል።

በዶክትሬት ማዕረግ ስለ መንግሥት ሳስተምር የኖርሁት ከዙፋኑ በኩል ቆሜ ኖሯል። ከእንግዲህ ትምህርቴን የምጀምረው ከጎታቾቹ ገመድ ነው።