የስልኩ ገበሬና የቡሬው ገበሬ

ሐምሌ ላይ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚወስደውን አስፋልት ይዞ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው በቆሎ ነው። በርበሬው፣ ስንዴው፣ ዳጉሳውና ጤፉ እንዳለ ሆኖ፣ በምዕራብ ጎጃም የብዙ ቤተሰብ ዓመት የሚወሰነው በዚህ ተክል ነው። መቼ ይዘራ፣ መቼ ይኮትኮት፣ ምን ይረጭ፣ በስንት ይሸጥ የሚለውን የሚናገረው ድምፅ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት ከሰው ወደ ስልክ እየተዛወረ ነው። ብሩ ራሱ ወደ ስልክ ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ኢንተርኔት የማያውቀውን ተራ ስልክም ታሳቢ አድርጎ ነበር።

ታዲያ መነሳት ያለበት ጥያቄ «ገበሬው ስልኩን ያውቀዋል ወይ?» የሚለው አይደለም። ያውቀዋል። ጥያቄው «ስልኩ ገበሬውን ያውቀዋል ወይ?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በአራተኛው ወር፣ ማርክ ዋይዘር የተባለ የዜሮክስ ፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳይንቲስት ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሰው ወደ እሱ የሚሄድበት ዘመን ያልፋል፤ ወደፊት በየኪሱ፣ በየዕቃው፣ በየግድግዳው ይገባና ሰው መኖሩን ሳያስተውል ይጠቀምበታል። ባለሙያዎች ይህን ዩቢኪውተስ ኮምፒውቲንግ ይሉታል፤ በየቦታው ያለ ኮምፒውተር ማለት ነው። ዋይዘርና ባልደረቦቹ ሦስት ዓይነት መሣሪያ ይሞክሩ ነበር፦ በመዳፍ የሚያዝ፣ ደብተር የሚያህልና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ።

ይህ የካሊፎርኒያ ወግ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በገጠር የገበያ ከተሞች የኤሌክትሮኒክስ የዋጋ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ በ929 ለደወለም ዋጋ በድምፅ ያሰማ ነበር። ቡሬም ከገበያው መጋዘኖች የአንዱ መቀመጫ ናት። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028ን ከፈተ። ገበሬው በነፃ ይደውላል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ቁጥር ይጫናል፣ ምክር ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ብቻ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ጥሪ ከ300 ሺህ በላይ ከሆኑ ገበሬዎች መጣ። ገበሬው ቴክኖሎጂ አይወድም የሚለው ተረት ያኔ ነው ያበቃው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሠራ ቡድን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቀጥታ ወደ ኮድ መግባት ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ ሞዴል መሥራት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ፕላን እንደሚያሠራው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በዚህ ፕላን ላይ ከማሽኑ በፊት የሚሣለው ሰው ነው። ተጠቃሚው ማን ነው? ምን ሊሠራ ፈልጎ ነው? የት ሆኖ ነው? በእጁ ያለው መሣሪያ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2003 በአውሮፓ ካሜሊዮን በተባለ ፕሮጀክት የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ለዚህ አራት ደረጃ ያለው አሠራር አስቀመጡ። ስሙ እስስትን ያስታውሳል፤ እስስት እንደ አካባቢዋ ቀለሟን ትለዋውጣለች። በበቆሎ ዋጋ እንየው። በመጀመሪያው ደረጃ ሥራው ብቻ ይጻፋል፦ «ገበሬው ምርቱን ከመጫኑ በፊት የዛሬውን ዋጋ ማወቅ ይፈልጋል»። በሁለተኛው ይህ ሥራ ወደ ድርጊት ይከፋፈላል፦ ሰብል መምረጥ፣ ገበያ መምረጥ፣ ዋጋ መቀበል። በሦስተኛው መልኩ ይወሰናል፤ በድምፅ ይሁን፣ በአጭር መልእክት ወይስ በሰሌዳ? ኮዱ የሚጻፈው በአራተኛው ነው። መሣሪያው ቢለወጥ ወይም ሰውየው ማንበብ የማይችል ቢሆን የሚለወጡት የታችኞቹ ደረጃዎች ናቸው። የላይኛው፣ ማለትም የሰውየው ጉዳይ፣ ባለበት ይቆያል።

ይህን ማድረግ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ሞዴል የሌለው አገልግሎት የለም፤ የተጻፈና ያልተጻፈ ሞዴል ነው ያለው። ያልተጻፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሠሪውን ራሱን ይመስላል። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ያለ ወጣት መሐንዲስ የራሱ ስልክ አለው፣ ስልኩ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው፣ መሬትን በሄክታር ያስባል፣ ኔትወርክ ይኖራል ብሎ ይጀምራል። ከእነዚህ አንዱንም ወረቀት ላይ ካላሰፈረው ማንም አያርመውም።

ይህ ቡሬ ሲደርስ ምን እንደሚፈጥር በአራት ነጥብ ማየት ይቻላል።

አንደኛ፣ ስልኩ የማን ነው? ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት አሉ እንበል፤ የቤቱ ስልክ በልጃቸው ስም የተመዘገበ ነው። የጎጃም ወጣት ክረምት ላይ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ሁመራ መሄዱ የታወቀ ነው። ልጁ ሲሄድ ስልኩም አብሮ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ የተባይ ማስጠንቀቂያ ሲላክ የሚጮኸው መተማ ሰሊጥ መሐል ነው፤ በቆሎው ደግሞ ቡሬ ነው። መዝገቡ ላይ ግን «መልእክቱ ደርሷል» ይላል። አንድ ቁጥር ማለት አንድ ገበሬ ነው ብሎ የተነሳ ሞዴል እኚህን እናት ሊያያቸው አይችልም።

ሁለተኛ፣ መለኪያው የማን ነው? በጎጃም መሬት በቃዳ ነው የሚነገረው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ይሆናል። ምክሩ «በሄክታር ይህን ያህል ኪሎ» ሲል ሦስት ቃዳ ያለው ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ማካፈልና ማባዛት ሊጀምር ነው። ቀኑም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 4 «በሦስት ቀን ውስጥ አርሙ» የሚል መልእክት ቢመጣ፣ ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ ነው። ስልኩ የሚቆጥረው ሦስት ቀን ለገበሬው አንድ ቀን ነው፤ እሱም እሑድ ካልዋለ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ከየት ይጀምራል? የ8028 ማውጫ በሰብልና በሥራ ቅደም ተከተል የተዋቀረ ነው፦ ከመዝራት በፊት፣ ዘር፣ ሰብል ጥበቃ፣ ድኅረ ምርት እያለ ይሄዳል። ይህ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በዳይሬክቶሬት ሳይሆን በሰብሉ ዕድሜ የተከፋፈለ ነውና። ገበሬው ግን ጠዋት ማሳው ውስጥ የሚያየው የተቀዳደደ ቅጠል ነው። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በወራት ውስጥ በቆሎ አብቃይ አካባቢዎችን ሲያዳርስ ማንም ስሙን አያውቀውም ነበር። ስሙን የማያውቁትን ነገር ከማውጫ ውስጥ መምረጥ አይቻልም። ከዓይን የሚጀምር መንገድ ያስፈልጋል፦ «ቅጠሉ ተበልቷል? እምቡጡ ላይ እንደ ሰጋቱራ ያለ ነገር አለ?» የሚል።

አራተኛ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋስ? ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የአማራ ክልል ብዙ አካባቢዎች ለወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ከርመዋል። ጥሪውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የተቆራረጠ ነበር። ስለ ፖለቲካው እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ አቋም ይኖረዋል። በንድፍ ቋንቋ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ በዚህ አካባቢ መቋረጥ እንደ ልዩ አጋጣሚ የሚታይ ሳይሆን ከሁኔታዎቹ አንዱ ነው። ሞዴሉ «ኔትወርክ የለም» የሚል ሳጥን ከሌለው፣ ኔትወርክ በጠፋ ዕለት ምክሩም፣ ዋጋውም፣ ገንዘቡም አንድ ላይ ይጠፋሉ። ድሮ የልማት ሠራተኛው በእግሩ ይመጣ ነበር። ስልኩ እሱን ተክቶ እንደሆነ፣ ስልኩ ሲዘጋ የሚመጣው ማን ነው?

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል፤ ሁለቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው፤ አገልግሎቱ ይጀመር፣ ገበሬው ይለምደዋል፣ ጉድለቱ እያደር ይስተካከላል» የሚል ነው። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ የታክሲ መጥሪያ ይህ ሊያስኬድ ይችላል። ያ አፕ ዛሬ ቢሳሳት ተሳፋሪው እጁን አንስቶ ሌላ መኪና ያቆማል። የበቆሎ ምክር የተሳሳተበት ሰው ግን የሚያርመው በሚቀጥለው ክረምት ነው። በብዙ ቋንቋ የተቀዳ ድምፅን እንደገና መቅዳትም ወረቀት ላይ አንድ መስመር ከመሰረዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ሞዴል ራሱ እስር ቤት ሊሆን ይችላል ይላል። «የጎጃም ገበሬ እንዲህ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ሰውየው ቢለወጥም ወረቀቱ አይለወጥም። ወጣቷ የግብርና ምሩቅና አዛውንቱ አባቷ በአንድ ሳጥን ይገባሉ። ይህ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ሞዴሉን መተው አይደለም፤ ቢተውም ባልተጻፈ መልኩ መኖሩ አይቀርም። መድኃኒቱ ሞዴሉን የሚመለከታቸው ሰዎች እንዲያዩትና እንዲያርሙት ማድረግ ነው።

ይህ ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። በየቀበሌው የልማት ሠራተኞች ተመድበዋል፤ የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላት አሉ፤ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። ማዳበሪያ፣ መታወቂያ ወይም ብድር ወደ ስልክ የሚያስገባ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ኮድ ከመጻፉ በፊት በቀላል አማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ይዞ ወደ ፍኖተ ሰላም ይምጣ። ገጹ ላይ አገልግሎቱ ስለ ተጠቃሚው ያመናቸው ነገሮች ይዘርዘሩ፦ የራሱ ስልክ አለው፣ ማንበብ ይችላል፣ በሄክታር ያስባል፣ ኔትወርክ ያገኛል። ወረቀቱ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሴቶቹም ባሉበት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርብ፦ «ይህ የተጻፈው ሰው እናንተን ይመስላል?»

አይመስልም የተባለው መስመር ሁሉ ሳይታረም ቢቀር ኋላ ወረፋ ላይ የሚመለስ ሰው ነው። የማዳበሪያ ወረፋ ምን እንደሆነ ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። «ስምዎ ሲስተሙ ላይ የለም» የሚል መልስ የማሽን ስህተት ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ገበሬ ማለት ማን እንደሆነ የወሰነው ውሳኔ ነው። ያንን ውሳኔ ገበሬው ከመወሰኑ በፊት ሊያየው ይገባል።