በጥቅስ ምልክት መካከል ያለ ቃል

በወምበርማ ወረዳ በሽንዲ ከተማ የበርበሬና የበቆሎ ንግድ አለ። አንድ ወዳጄም እዚያ በአንድ መጋዘን ደረሰኝ ጸሐፊ ነው። ኮምፒዩተሩ በእንግሊዝኛ «ትክክል አይደለም» ባለ ቍጥር እርሱ ሥራውን ያቆማል፤ ገበሬውም ጆንያውን አውርዶ ይጠብቃል። ምኑ ትክክል እንዳልሆነ መልእክቱ አይናገርም። ስለዚህ የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከባለቤቱ ለምኜ ተቀበልሁና የስሕተት መልእክቶቹን ለቅሜ ወደ አማርኛ ልመልሳቸው ተነሣሁ።

በብዙ ሺህ መስመር መካከል በዓይን መፈለግ ከጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነው። ለዚህ የሚረዳ ጥበብ አለ፤ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይሉታል፤ እኔ የፍለጋ ቀመር እለዋለሁ። የሒሳብ ሊቁ ስቲቨን ክሌኒ እ.ኤ.አ. በ1956 ሐሳቡን በጽሑፍ አወጣው፤ ኬን ቶምሰንም በ1968 በኮምፒዩተር ለጽሑፍ ፍለጋ እንዴት እንደሚውል አሳየ። ቀመሩ ቃሉን ሳይሆን የቃሉን መልክ ይነግራል። የእኔው "[^"]*" የሚል ነበር፤ ይኸውም «የጥቅስ ምልክት ፈልግ፤ ጥቅስ ያልሆነውን ሁሉ ውሰድ፤ ሁለተኛው ጥቅስ ሲመጣ ቁም» ማለት ነው። «ጥቅስ ያልሆነውን» በማለት ፈንታ «ማናቸውንም» ያሉ እንደ ሆነ፥ ፍለጋው በመስመሩ ላይ እስካለው መጨረሻ ጥቅስ ድረስ የማይፈለገውን ጭምር ይውጣል። ባለሙያዎች ይህን ስስታም ይሉታል፤ ስሙም ይገባዋል።

የእኛም ፊደል የራሱ ጣጣ አለው። «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ፥ ለማሽን ግን ሁለት ናቸውና [ሥስ] ብሎ ሁለቱንም መፍቀድ ያሻል።

የሆነ ሆኖ እጅግ ያደከመኝ ለቀማው አልነበረም። አንዳንዱ መልእክት በቍራጭ የተሠራ ነው፤ «አልተገኘም» የሚለው ከፊት፥ የገበሬው ስም ከኋላ ይለጠፋል። አማርኛ ግሡን በመጨረሻ ስለሚያኖር፥ ቍራጮቹ በየብቻቸው ሲተረጐሙ ንግግሩ ይገለበጣል። ፕሮግራም የምትጽፉ ልጆች፥ እባካችሁ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን ጽፋችሁ ለስሙ ባዶ ቦታ ተዉለት።

ደግሞስ ሠራተኛውን ማን ብዬ ልጥራው? እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «አንቺ»ንም «እርስዎ»ንም በአንድ ቃል ያልፋቸዋል። እኔ «እርስዎ»ን መረጥሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅም ቢሆን በማሽን አንደበት መከበር አይጎዳውም። «ትክክል አይደለም» የሚለውንም ትቼ «የኪሎውን ቍጥር ብቻ ይጻፉ፤ ፊደል አይጨምሩ» አልሁ።

«ያልታወቀ ስሕተት» የሚሉትን ግን አልተረጐምኋቸውም። ከነመስመር ቍጥራቸው ዘርዝሬ፥ ምን ለማለት እንደ ፈለገ እንዲያስረዳኝ ለፕሮግራሙ ጸሐፊ ላክሁለት።