ሁሉም «አስቸኳይ» ሲሆን

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ጥፋቴን ልንገርህ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሁለት ዳታ ሴንተሮች አሉት፤ በመካከላቸውም አንድ አጭርና አንድ ረጅም መስመር ተዘርግቷል። መረጃውን የሚመራው መሣሪያ አጭሩን እንዲመርጥ የታዘዘ ስለ ነበር፥ ጭነቱ ሁሉ በዚያ ሲተፋፈግ ረጅሙ መስመር ባዶውን ይውል ነበር። ባለጉዳዩ በመስኮት ቆሞ ፋይሉን ይጠብቃል፤ እኔም «ሦስተኛ መስመር ይገዛልን» ብዬ ጻፍሁ።

አለቃዬ ደብዳቤውን አንብበው፥ «ከሚጓዘው ውስጥ እስከ ማታ ሊቆይ የሚችለው የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ለካ መስመሩን ያጨናነቀው በዚያች ሰዓት ማንም የማይፈልገው የመጠባበቂያ ቅጂ ኖሯል! ቅጂውን ወደ ረጅሙ መስመር ባዛወርነው ጊዜ ሰልፉ ቀለለ።

ይህንኑ ጥበብ የጉግል መሐንዲሶች «ቢ ፎር» ስለሚባለው መረባቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በሰፊው ገልጸውታል። በተለመደው አሠራር፥ ለብልሽት ጊዜ መጠባበቂያ እንዲሆን ሲባል፥ ከመስመሩ አቅም በአማካይ የሚሠራበት ከመቶ ከ30 እስከ 40 እጅ ብቻ ነበር። እነርሱ ግን የሚቸኩለውን ከሚታገሠው ለይተው ጭነቱን በብዙ መንገዶች ስላከፋፈሉት፥ ብዙ መስመሮቻቸው ወደ ሙሉ አቅማቸው ተቃርበው ሠሩ። አንዱ መስመር ቢቆረጥ የሚታገሠው ይዘገያል፤ የሚቸኩለው ያልፋል።

እንግዲህ ወዳጄ፥ በጠረጴዛህ ላይ ባለው ወረቀት ሁሉ «አስቸኳይ» የሚለውን ማኅተም ከመምታትህ በፊት፥ በመስኮቱ ፊት የቆመውን ሰው ቀና ብለህ ተመልከት።