ሞተሪኖው የተከሰሰበት ጉዳይ

የሞተር ሳይክል እስታርተር ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባለንብረቱ መጀመሪያ የሚወነጅለው ሞተሪኖውን ነው። ክሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ የመጀመሪያው ተከሳሽ ግን በነጻ መለቀቅ የሚገባው ነበር።

በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ሳይክል ለገበያ የቀረበው በ1914 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ የነበረው የኢንዲያን ፋብሪካ ሲሆን፣ ሞዴሉን በመሥራቹ በጆርጅ ሄንዲ ስም «ሄንዲ ስፔሻል» አለው። ዋጋው 325 ዶላር ነበር። ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተሸክሟል፤ ሞተሪኖው ደግሞ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ራሱ ዲናሞ ሆኖ ባትሪዎቹን ይሞላል። ሐሳቡ ዛሬም አያሳፍርም። ያሳፈረው ባትሪው ነው፤ የዘመኑ ባትሪ የሚጠየቀውን ጉልበት አልቻለም። ሞዴሉ በዚያው ዓመት ከገበያ ወጣ፤ ነጂውም ወደ ርግጫው ተመለሰ።

እስታርተሩ ለሞተር ሳይክል የደረሰው ከመኪና ነው፤ ከመኪናው ጋር ደግሞ አንድ የለቅሶ ታሪክ አብሮ ይነገራል። ባይረን ካርተር የተባለ መኪና ሠሪ በዲትሮይቱ የቤል አይል ድልድይ ላይ መኪናዋ የቆመባትን ሴት ሊረዳ ይወርዳል። ማኖቬላውን ሲያዞር ሞተሩ ወደኋላ ይመታና አገጩን ይሰብረዋል፤ በዚያው ሰበብ ይሞታል። መኪናዋ ካዲላክ ነበረችና የድርጅቱ አለቃ ሄንሪ ሌላንድ በሐዘን ተነሳስቶ ማኖቬላን የሚያስቀር ነገር እንዲፈለግ ያዛል። ታሪኩ ያምራል፤ ዓመቱ ግን አልያዘም። ከተራኪዎቹ ብዙዎቹ አደጋውን በ1910 ያደርጉታል፤ ካርተር ያረፈው በኤፕሪል 1908 ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ማኖቬላ አያዞርም። ሌሎች ይህን አይተው አደጋውን ወደ 1908 ያሸጋሽጉታል፤ የገደለው የሳንባ ምች ነው የሚሉ አሉ፤ ምቹ የመጣው ከጉዳቱ ነው ብለው ሁለቱን ወገን የሚያስታርቁም አልታጡም። ሴትየዋ በተለመደው ትረካ ስም እንኳ የላትም። ይህን ያህል የሚያምር ታሪክ ይህን ያህል ምስክር ሲያጣ፣ ቢያንስ ግማሹ ለማሻሻጫ የተቀመመ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

የተረጋገጠው ሌላኛው ክፍል ነው። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው እስታርተር በ1912 ካዲላክ ላይ ወጣ። ኬተሪንግ ቀደም ሲል በኦሃዮ፣ ዴይተን በነበረው ናሽናል ካሽ ሬጂስተር ሲሠራ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽንን በኤሌክትሪክ አንቀሳቅሷል። ብልሃቱም እዚያ ነው፦ ማሽኑ ጉልበት የሚፈልገው ለአፍታ ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ሞተር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ለአፍታ ቢሠራ አይቃጠልም። የዛሬው ሞተሪኖም የተሠራው በዚሁ ስሌት ነው። እስታርተር ከአምስት ሰከንድ በላይ ተይዞ የማይቆየው፣ ካልተነሳም ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ ፋታ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እስኪነሳ ድረስ ጣቱን የማያነሳ ሰው ደህናውን ሞተሪኖ ጥፋተኛ ያደርገዋል።

በሞተር ሳይክል ላይ ሐሳቡ የሰመረው ዘግይቶ ነው። የሆንዳ ሱፐር ከብ በ1958 በርግጫ ወጥቶ በ1960 እስታርተር ያለው ሞዴል ተጨመረለት፤ ሃርሊ ዴቪድሰን ትልቁን ሞዴሉን ኤሌክትራ ግላይድን ባለ እስታርተር ያደረገው በ1965 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አምራቾች ርግጫውን ጭራሹን አስቀርተውታል። ከቁጠባዎች ሁሉ የከፋ ቁጠባ ይህ ነው። የእሳቱን ኃይል በቀጥታ ከዲናሞው ጥቅል የሚወስድ ሞተር ባትሪው ቢሞትም በርግጫ ይነሳል። ኃይሉን ከባትሪ የሚወስድ ወይም ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ሞተር ግን ባትሪው ጨርሶ ከሞተ በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶም ላይነሳ ይችላል።

ምርመራው ከድምፅ ይጀምራል። እስታርተሩ ሲጫኑት ምንም ድምፅ ከሌለ ቀዩ ማጥፊያ፣ የቁም መደገፊያው፣ ፍሪሲዮኑና ፊውዙ ይታያሉ፤ ብዙ ሰው የማጥፊያው ቁልፍ ተነክቶ እንደሆነ ሳያይ ሞተሩን በጭነት መኪና ወደ ጋራዥ ወስዷል። በፍጥነት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ ደግሞ ባትሪው ደክሟል ወይም የገመዱ ጫፍ ላልቷል፦ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኘው ማብሪያ) ይይዛል፣ ሞተሪኖው ጉልበት ሲጠይቅ ባትሪው ይወድቃል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ጫናው ሲቀር ባትሪው ያገግምና ሪሌው እንደገና ይይዛል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ከቆመ ሪሌው፣ ገመዱ ወይም ሞተሪኖው ይጠረጠራል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ነገሩ የባትሪ ሳይሆን የካንዴላ ወይም የነዳጅ ነው።

ቀጥሎ ቴስተር ነው። የተለመደው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ ሞልቶና አርፎ 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። ከ12.4 በታች ቻርጅ ይፈልጋል፤ 12 ላይ ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 12.6 እያሳየ እስታርተር ሲጫኑት ከ9.5 በታች የሚወድቅ ባትሪ አርጅቷል። ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ቴስተሩ ከ13.5 እስከ 14.7 ባለው ውስጥ ካልገባ ግን ባትሪ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ የሚሞላው ክፍል፣ ማለትም ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ፣ ተበላሽቷል።

የባትሪው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ኤሌክትሪክ ስለሚያግድ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይታጠባል። ገመድ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ሲጎድል የሚጨመርለት የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲዱ አይተንም፤ የሚተነው ውሃው ስለሆነ አሲድ መጨመር ሳህኖቹን ይበላቸዋል። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን ስላለው አይሆንም። ሞተሪኖው የሚፈታው ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነ በኋላ ነው።